ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ያበራሁት መብራት

የተነሳሁት ቻርጀር ፍለጋ ነበር። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነው። የስልኬ ባትሪ ሊያልቅ ሁለት ፐርሰንት ቀርቶታል፤ ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ ደግሞ እሱ ነው። ሳሎን ገባሁ። የጣሪያውን መብራት ባበራ ቤቱ ሁሉ ይነቃብኛል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ አጠገቤ ያለውን የዓሣ ገንዳ መብራት ተጫንኩት። ለቻርጀር ፍለጋ እሷ ትበቃኛለች ብዬ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሦስት ሰከንድ ቢፈጅ ነው። ገንዳው በነጭ ብርሃን ቦግ አለ። ትልቋ ጎልድፊሽ ታች ድንጋዩ ጥግ ዝም ብላ ቆማ ነበር። ድንገት ተስፈንጥራ ከፊት መስታወቱ ጋር ተላተመች። ጧ የሚል ደረቅ ድምፅ ሰማሁ። ዞራ ደግሞ ማጣሪያውን ገጨች። ከዚያ ወደ ጎን ጋደል ብላ ቀስ እያለች ወደ ታች ወረደች። ሌሎቹ ሁለቱ ከኋላ ጥግ ላይ ተለጥፈው ይንቀጠቀጣሉ።

እጄ ማብሪያው ላይ እንዳለ ደርቄ ቀረሁ። ላጥፋው ወይስ ልተወው? አጠፋሁት። ሞታ እንደሆነስ ብዬ መልሼ አበራሁት። አሁን ሳስበው ከመጀመሪያው ይልቅ ይሄ ሁለተኛው ነው የሚያሳፍረኝ። የመጀመሪያው ባለማወቅ ነው። ሁለተኛውን ግን ያደረግኩት አንድ ነገር እንደበደልኩ ገብቶኝ ነው፤ ምን እንደሆነ ብቻ ነበር ያልገባኝ።

ጠዋት ስነሳ በሕይወት አለች። ከግራ ዓይኗ ሥር ሦስት አራት ቅርፊት ረግፎ ሥጋዋ ገርጥቶ ይታያል። እኛ ጋር የሚኖረው የእህቴ ልጅ ሰባት ዓመቱ ነው። አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ አያት። የሆነውን ነገርኩት። ትንሽ አሰበና፦

«አጎቴ፣ ታዲያ ለምን ዓይኗን አልጨፈነችም?»

«የሚጨፈን ነገር የላትም እኮ ማሙሽ። ዓሣ የዓይን ቆብ የለውም።»

«እሺ፣ መብራት ሲበዛባት ምን ታደርጋለች?»

መልስ አልነበረኝም። «ትለምደዋለች» ብዬ አለፍኩት። ልጁ በመልሴ እንዳልረካ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። እኔም አልረካሁም። ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ሆኜ ጥያቄው ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ዓይኑን መክደን የማይችል እንስሳ ብርሃን ሲበዛበት ምን ያደርጋል?

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባል የለ? ማታ ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። ይኸው እስከ ዛሬ ከዘንዶው አልተላቀቅኩም።

የማይጠበው ብሌን

መጀመሪያ የመጣልኝ መልስ ብሌን ነው። እኛ ከጨለማ ወደ ፀሐይ ስንወጣ የዓይናችን ብሌን ወዲያው ይጠባል። አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። የዓሣም እንደዚያው ይሆናል ብዬ ነበር። አይደለም። አብዛኞቹ አጥንታም ዓሦች ብሌናቸው ይህ ነው የሚባል ለውጥ አያደርግም። ሻርክን የመሳሰሉ ማጥበብ የሚችሉ አሉ። ጎልድፊሼ ግን ከእነሱ ወገን አይደለችም።

ለምን እንደሆነ ስረዳ ግን ነገሩ ድክመት መስሎ መታየቱ ቀረ። ውሃ ውስጥ ዓይናችንን ስንከፍት ሁሉም ነገር ይደበዝዝብናል። እኛ ብርሃንን በዋናነት የምንሰበስበው በኮርኒያችን ነው፤ ማለትም በዓይናችን የፊት ግልጽ ሽፋን። ኮርኒያ ብርሃንን የሚያጥፈው ከአየር ጋር ስለሚገናኝ ነው። ውሃ ውስጥ ሲገባ ከራሱ ብዙ ከማይለይ ነገር ጋር ይገናኛል፣ አቅሙንም ያጣል። ዓሣ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ እዚያው ነው። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ሌንሱ ላይ ወደቀ።

የዓሣ ሌንስ እንደኛ ምስር መሳይ ጠፍጣፋ አይደለም። ድቡልቡል ነው፤ ልክ እንደ ብይ። ከጠርዙ ወደ መሃሉ እየተጠጋህ ስትሄድ ደግሞ እየጠጠረ ይመጣል። ብርሃኑ አንድ ቦታ ላይ ጥርት ብሎ የሚያርፈው በዚህ ደረጃ በደረጃ በሚጨምር ጥጥርነት ነው። በ1880ዎቹ ሉድቪግ ማቲሰን የተባለ ጀርመናዊ የፊዚክስ ሰው አንድ የሚገርም ነገር አስተዋለ። ከሌንሱ መሃል እስከ ሬቲናው ያለው ርቀት በብዙ ዓሦች ላይ ከሌንሱ ራዲየስ 2.5 እጥፍ ገደማ ነው። ትንሹም ትልቁም ዓሣ እዚያው ቁጥር አካባቢ ነው የሚገኘው።

ይህች ብይ በብሌኑ በኩል ወደ ውጭ ብቅ ብላ ትቀመጣለች። ከጎንም ከላይም የሚመጣውን ለማየት ያግዛታል። ግን በሩ ላይ የተቀመጠ ኳስ ካለ በሩን እንዴት ትዘጋዋለህ? አይዘጋም። መጋረጃም የለ፣ በሩም አይዘጋ። ብርሃኑ እንዳለ ይገባል። የልጁ ጥያቄ ተመልሶ መጣ፦ ታዲያ ምን ታደርጋለች?

የሚሄዱት ህዋሳት

ከዚህ በኋላ ያነበብኩትን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። በሌላ ነገር ተሳስቼ እንዳይሆን ብዬ።

ሬቲና ማለት ከዓይን በስተኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሥሥ ሽፋን ነው። እኛም ዓሣም በሁለት ዓይነት ህዋሳት እናያለን። ሾጣጣዎቹ ለቀን ናቸው፤ ቀለምና ዝርዝር ይለያሉ፣ ግን ብዙ ብርሃን ይፈልጋሉ። ዘንጎቹ ለሌሊት ናቸው። አንዲት የብርሃን ቅንጣት እንኳ ትቀሰቅሳቸዋለች፤ ቀለም ግን አይለዩም። ከእነሱ ጀርባ ደግሞ ጥቁር ቀለም የተሸከሙ ህዋሳት የተነጠፉበት ሽፋን አለ። እስከዚህ ድረስ ከትምህርት ቤት የማውቀው ነው።

የማላውቀው ይኸውና። የዓሣ ሬቲና ውስጥ ያሉት ህዋሳት ቦታ ይቀያየራሉ። ሲነጋ ሾጣጣዎቹ አንገታቸውን ያሳጥራሉ። በማሳጠራቸው ወደ ፊት፣ ብርሃኑ ወደሚመጣበት ይሳባሉ። ዘንጎቹ በተቃራኒው አንገታቸውን እያረዘሙ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። የጀርባው ጥቁር ቀለም ደግሞ እንደ ጭስ ወደ ፊት እየፈሰሰ የሸሹትን ዘንጎች ይውጣቸዋል። ቀን ሙሉ በዚያ ጥቁረት ውስጥ ተሸሽገው ይውላሉ። ሲመሽ ሁሉም ይገለበጣል። ቀለሙ ወደ ኋላ ይሰበሰባል፣ ዘንጎቹ ከመደበቂያቸው ይወጣሉ፣ ሾጣጣዎቹ ተለጥጠው ቦታ ይለቃሉ።

መጋረጃው ያለው ከዓይኑ ውጭ አይደለም ማለት ነው። ከውስጥ፣ ከሬቲናው ከራሱ ጋር ተሠርቷል። እያንዳንዷ ዘንግ የየራሷ መጋረጃ አላት።

ርቀቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጥቂት የሚሊሜትር መቶኛዎች ቢሆን ነው። ለአንዲት ህዋስ ግን ረጅም መንገድ ነው። ጊዜም ይፈጃል። እንደ ዓሣው ዓይነት ቢለያይም፣ ሽግግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይወስዳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ተረት ለዚህ ሬቲና የተተረተ መሰለኝ።

እዚህ ጋ ስደርስ ስልኬን አስቀምጬ ገንዳውን አየሁት።

ያን ሌሊት የዚያች ዓሣ ዘንጎች ሁሉ ወደ ፊት ወጥተው ነበር። ጥቁሩ ቀለም ወደ ኋላ ተሰብስቧል። ማለትም በጣም በተጋለጠችበት ሰዓት ነው የደረስኩባት። ፀሐይ ብትሆን ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ትሰጣታለች፤ መጀመሪያ ግራጫ፣ ቀጥሎ ትንሽ ሰማያዊ፣ እያለ እያለ ይነጋል። እኔ ያንን ሁሉ ንጋት በአንድ ጣት ዘለልኩት። ከዚያ ደግሞ አጠፋሁት። ከዚያ ደግሞ አበራሁት።

ድንጋጤ ብቻ ነው ሊባል ይችላል። ድንገተኛ ብርሃን ማንንም ያስበረግጋል፣ እውነት ነው። ግን እኔ ስበረግግ ቢያንስ እጄን ዓይኔ ላይ አደርጋለሁ፣ ብሌኔም ይጠባልኛል። እሷ ያላት መከላከያ ይሄው የህዋሳት ጉዞ ነው፤ እሱ ደግሞ ገና አልተነሳም ነበር።

ሌላም ነገር አለ። አንዳንድ ዓሦች ማታም ጠዋትም በማይለይበት ድፍን ጨለማ ውስጥ ተቀምጠው ታይተዋል። ልክ የንጋት ሰዓት ሲቃረብ ሾጣጣዎቻቸው መሳብ ይጀምራሉ። ብርሃን የለም። የነገራቸው የለም። ውስጣቸው ያለው ሰዓት ነው «ሊነጋ ነው፣ ተዘጋጁ» የሚለው። ሬቲናው ንጋትን አይጠብቅም፤ ቀድሞ ይነሳለታል። እኔ በስልክ ማንቂያ እንኳ በጊዜ አልነሳም።

ጥልቅ ያልሆነ ውሃ ማለት

ይህን ሁሉ ጣጣ ለምን? ጥልቅ ባሕር ውስጥ ያሉ ዓሦች ብዙዎቹ ከዚህ ነፃ ናቸው። እዚያ ሁሌም ጨለማ ነው። ሬቲናቸው በአብዛኛው ዘንግ ብቻ ነው፤ አንድ ሥራ፣ አንድ መሣሪያ። ቀላል ኑሮ ነው ማለቴ አይደለም፤ ግን አይለዋወጥም።

ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ያለው ዓሣ ግን ሁለቱንም ይኖራል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናቱ ላይ ናት፤ ሌሊት ላይ የከዋክብት ብርሃን ብቻ ይቀራል። በዚያ ላይ ቀን ራሱ አይረጋም። ማዕበሉ ላዩን ሲያናውጠው እያንዳንዷ ሞገድ እንደ ሌንስ ሆና ብርሃኑን ትሰበስበዋለች። ፀሐያማ ቀን ላይ ከውሃ ሥር አሸዋው ላይ ሲሯሯጡ የሚታዩት ብሩህ መስመሮች እነሱ ናቸው። ለእኛ ያምራሉ። እዚያ ለሚኖረው ግን መብራቱ በየቅጽበቱ ብልጭ ድርግም ሲልበት መዋሉ ነው።

ከሁሉ በላይ የያዘኝ የምሽቱ ነገር ነው። የኮራል ሪፍ ላይ፣ ማለትም ትንንሽ የባሕር እንስሳት በሠሩት ዐለት ላይ፣ የሚጠልቁ ተመራማሪዎች በ1970ዎቹ ደጋግመው የጻፉት ጸጥታ አለ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ለ20 ደቂቃ ገደማ ሪፉ ባዶ ይሆናል። የቀን ዓሦች ስንጥቃቸው ውስጥ ገብተዋል፤ የሌሊቶቹ ገና አልወጡም። ሁለቱም ወገን ያችን ሰዓት ይፈራታል። ለቀን የተሠራው ዓይን ብርሃን አጥሮበታል፣ የሌሊቱ ገና እየተደራጀ ነው። በዚያች ክፍተት ውስጥ የሚንጎራደዱት አዳኞች ናቸው። ከታች ወደ ላይ እያዩ፣ ላዩ ላይ የቀረችውን ብርሃን እንደ መደብ ተጠቅመው የታዳኙን ጥላ ይለያሉ። ለመካከለኛ ብርሃን የሚሆን ዓይን ያላቸው ናቸው፤ ሾጣጣዎቻቸው ቁጥራቸው አነስ ይልና መጠናቸው ገዘፍ ይላል።

እና ሳስበው፣ የእኔ ገንዳ ውስጥ አዳኝ የለም። ዓሣዋ ግን ያንን አታውቅም። ዝግጁ ባልሆነችበት ሰዓት ብርሃን ሲቀያየርባት ሰውነቷ የሚነግራት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሽሺ።

አያይም ያሉት ዓይን

ስለ ቀለም ትንሽ ልበል፤ ካልጻፍኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ከዛሬ መቶ ዓመት ትንሽ ቀደም ብሎ ካርል ፎን ሄስ የተባለ ስመ ጥር ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም ዓሦች ቀለም አይለዩም ብሎ ነበር። ካርል ፎን ፍሪሽ የሚባል ወጣት ተመራማሪ አልተዋጠለትም። ትንንሽ ዓሦችን አንድን ቀለም ከምግብ ጋር እንዲያያይዙ አሠለጠናቸው። ከዚያ ያንኑ ቀለም ከብዙ ዓይነት ግራጫዎች ጋር ቀላቅሎ አቀረበላቸው። ዓሦቹ ቀለሙን መርጠው ሄዱ። ክርክሩ መራራ ነበር ይባላል፤ ፍሪሽ ግን ትክክል ነበር። በኋላ በንቦች ላይ በሠራው ሥራ በ1973 የኖቤል ሽልማት የተጋራው ይኸው ሰው ነው።

ዛሬ የምናውቀው ደግሞ ነገሩን ይገለብጠዋል። እኛ ሦስት ዓይነት ሾጣጣ አለን። ጎልድፊሽ አራት አላት። አራተኛው ለእኛ የማይታየውን አልትራቫዮሌት የሚባል ብርሃን የሚያይ ነው። ማለትም በቀለም ከተነጋገርን ደካማው እኔ ነኝ። የገንዳው መብራት «ነጭ» ነው ብዬ የምለው ለእኔ ነው። ለእሷ አንድ ቀለም የጎደለው ብርሃን ሊሆን ይችላል።

ይህም ከውሃው ጥልቀት ጋር ይያያዛል። ውሃ ቀይን ቶሎ ይበላዋል፤ ንጹሕ ባሕር ውስጥ ጠለቅ ስትል የሚቀርህ ሰማያዊ ነው። ላይኛው ውሃ ላይ ግን ሁሉም ቀለም አለ፣ አልትራቫዮሌቱም ጭምር። ያለውን የሚጠቀም ዓይን እዚያ ነው የሚሠራው። በጣም የሚገርመው፣ ሬቲናቸው ውስጥ ያለውን የቀለም ቅመም የሚቀይሩ መኖራቸው ነው። ብርሃን የሚይዘው ንጥረ ነገር ከቫይታሚን ኤ የሚሠራ ነው። ብዙ የወንዝና የሐይቅ ዓሦች ሌላ ዓይነት ቫይታሚን ኤ በመጠቀም እይታቸውን ወደ ቀይ ያዘነብሉታል። ምክንያቱም የወንዝ ውሃ ብዙውን ጊዜ ድፍርስ ነው፤ ድፍርስ ውሃ ሰማያዊውን ያስቀርና ቀዩን ያሳልፋል። ሳልመን ከባሕር ወደ ወንዝ ሲገባ ይህንኑ ያደርጋል። ውሃ ስትቀይር መነጽር እንደ መቀየር ነው።

አራት ዓይና የሚሏት አናብሌፕስ ደግሞ አለች፤ በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ትገኛለች። ውሃው ላይ ተንሳፋ ትዋኛለች፤ የዓይኗ ግማሽ ከላይ፣ ግማሹ ከውሃ በታች ነው። ከአየር የሚመጣው ብርሃን ታችኛው ሬቲናዋ ላይ ያርፋል፤ ከውሃው የሚመጣው ላይኛው ላይ። ሁለቱ ግማሾች የተለያየ ብርሃን ተቀባይ ፕሮቲን ነው የያዙት። የላዩን ዓለም የሚያየው ለአረንጓዴ የተቃኘ፣ ድፍርሱን ውሃ የሚያየው ለቢጫ። በአንድ ዓይን ሁለት ዓለም።

ስለ ቪክቶሪያ ሐይቅ ያነበብኩት ግን አሳዘነኝ። እዚያ ሲክሊድ የሚባሉ ትንንሽ ዓሦች አሉ። ከሁለት ተቀራራቢ ዝርያዎች የአንዱ ወንድ ሰማያዊ፣ የሌላው ቀይ ነው። ሰማያዊው ላይ ላዩን፣ ቀዩ ትንሽ ጠለቅ ብሎ ይኖራል፤ የቀዩ ሬቲና ይበልጥ ለቀይ የተቃኘ ነው። ሴቶቹ የራሳቸውን ወገን የሚመርጡት በቀለም ነው። ውሃው በደፈረሰበት ቦታ ግን ቀለሙ አይለይም። ስለዚህ ይቀላቀላሉ፤ ልዩነቱ ይሟሟል። ማንም አልገደላቸውም። መተያየት ብቻ ነው ያቃታቸው።

የሳሎኑ ንጋት

አሁን ገንዳው ላይ ቀስ እያለ የሚበራ መብራት አድርጌያለሁ። 40 ደቂቃ ይፈጅበታል። ሲጠፋም እንደዚያው ነው። ሌሊት ሳሎን ስገባ የስልኬን መብራት ወደ ወለሉ አዙሬ፣ በጣቴ ከልዬ ነው የምሄደው። እህቴ አንድ ቀን እንደዚህ ሆኜ ስሹለከለክ አግኝታኝ፣ «ወንድሜ፣ ሌባ መስለኸኝ ነበር እኮ» ብላ ሳቀችብኝ።

የዓሣዋ ቅርፊት መልሶ በቅሏል፤ ትንሽ ገርጣ ያለ ነው። ያነበብኩት ሌላ ነገር ደግሞ እሷን ባየሁ ቁጥር ይመጣብኛል። የዓሣ ዓይን ዕድሜውን ሙሉ ያድጋል። ሬቲናው በጠርዙ በኩል እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት አዲስ ህዋስ ይጨምራል። ዜብራፊሽ በምትባለው ትንሽ ዓሣ ላይ እንደታየው፣ ሬቲናው ሲጎዳ እንኳ የሞቱትን ህዋሳት መልሶ ይተካል። የእኛ ይህን አይችልም፤ የጠፋው ጠፋ ነው። ያን ሌሊት ማን ለማን ማዘን እንደነበረበት አንዳንዴ ግራ ይገባኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ከልጁ ጋር ጎህ ሳይቀድ ተነሳን። እሱ ነው የጠየቀኝ። ሶፋው ላይ ብርድ ልብስ ተከናንበን ተቀመጥን። መብራቱ መጀመሪያ በጣም ደብዛዛ ነበር፤ መስታወቱ ብቻ ነው የሚለየው። ቀስ እያለ የድንጋዩ ቅርጽ ወጣ። ቀጥሎ እሷ፣ ቀለም የሌላት ግራጫ ነገር ሆና። ለእኔም እኮ በዚያ ሰዓት ቀለም የለም፤ የእኔም ሾጣጣዎች ገና አልተነሱም።

ሩብ ሰዓት ያህል አልተንቀሳቀሰችም። ጎኗ ላይ ያለው ክንፍ ብቻ ቀስ ብሎ ይርገበገባል። ዓይኗን ትኩር ብዬ አየሁት። ምንም አይታይም። ከዚያች ጥቁር ክብ ጀርባ ስንትና ስንት ህዋስ ይጓዛል፣ ከውጭ ግን ዝም ነው። ብርሃኑ ትንሽ ሲጨምር ጀርባዋ ላይ ብርቱካንማው ብቅ አለ። ጅራቷን አንዴ መታች።

ልጁ ክርኔን ነካ አደረገኝ።

«አጎቴ» አለ በሹክሹክታ፣ «ሾጣጣዎቹ ወጡ?»

«እየወጡ ነው» አልኩት።